መሪ ያለው የሣር ማጨጃ

እዚህ አገር ቤት የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ያልጠየቀው ነገር ይመረቅለታል፤ ሣር። ቤቱን ሊያይ ሲሄድ ወጥ ቤቱን ይመረምራል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ ይዘጋል፣ ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ አንጋጦ ይጠይቃል፤ ሣሩን ግን "አቤት ሲያምር!" ብሎ ነው የሚያልፈው። ነገሩ የሚገባው ቁልፉን ከተረከበ በኋላ ነው። ሣሩ ያድጋል። የሚበላው ላም የለ፣ የሚግጠው በግ የለ፣ ለበዓል የሚጎዘጉዘው የለ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ያድጋል። በተለይ የእኛ የሲያትል ሣር ከጥቅምት ጀምሮ ዝናብ ሲጠጣ ስለሚከርም፣ ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ብልጭ ያለችለት ዕለት እንደተቆጣ ሰው ብድግ ነው የሚለው።

እናም ባለቤቱ ያጭዳል። አጭዶ ምን ያደርገዋል? በማስቀመጫ ከትቶ ደጅ ያወጣውና መኪና መጥቶ ይወስድለታል። ሐምሌ ላይ ሲደርቅበት ደግሞ ውኃ ያጠጣዋል፤ እንዲያድግለት፣ መልሶ እንዲያጭደው። ይህን ነገር ገጠር ላለ አንድ ዘመዴ በስልክ ላስረዳው ሞክሬ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ "ለማን ነው የምታጭዱት ታዲያ?" አለኝ። ትንሽ አሰብኩና "ለጎረቤት" አልኩት። እውነቴን ነው። ሣር እዚህ የሚታጨደው ለጎረቤት ዓይን ነው።

ማጨጃውም እንደ ሰዉ ደረጃ አለው። ከታች ያለው እየገፋህ አብረኸው የምትደክመው ነው። ከሱ ከፍ ያለው ራሱ ይሄዳል፤ አንተ ሎሌ መስለህ ከኋላ ትከተለዋለህ። ከሁሉም በላይ ያለው ግን ተቀምጠህበት የምትነዳው ነው፤ አራት ጎማ፣ ወንበር፣ መብራትና መሪ ያለው፣ የግቢ ትራክተር የሚሉት። በጋ ከሆዱ ሥር ባለው ምላጭ ሣር ያጭዳል፤ ክረምት ደግሞ ከፊቱ ሰፊ ብረት ይገጠምለትና በረዶ እየገፋ ይጠርጋል።

እዚህ ላይ የሲያትልን በረዶ የምታውቁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ እጠብቃችኋለሁ። የሲያትል በረዶ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ካልፈለገ ይቀራል፣ የመጣ ዕለት ግን ቤቱን ሁሉ ያምሰዋል። ለሱ ብሎ ትራክተር የሚገዛ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ ነበር የማስበው።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት የሣር ሰው ሆኜ አይደለም፤ ጋሽ ተሰማ ናቸው ያሳወቁኝ። ጋሽ ተሰማ ሲያትል ዳር ባለው ስካይዌይ ሰፈር ውስጥ፣ ከእኔ ቤት አለፍ ብሎ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ነርስ ከሆነችው ልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሹፌር ነበሩ። በጉብዝናቸው ጊዜ ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ይዘው የአሰብን መንገድ ተመላልሰውበታል፤ እዚህ ከመጡ ወዲህ ታክሲ፣ ከታክሲ በኋላ የኤርፖርት ሚኒባስ ነድተዋል። "የኔ እግር የተሠራው ፔዳል ለመርገጥ ነው" ይላሉ። ሲራመዱ ያያቸው ሰው አይከራከራቸውም፤ በእግራቸው መሄድ አይሆንላቸውም።

አምና ዓይናቸው ከዳቸው። ፊት ለፊታቸው ያለውን ጥሩ አድርገው ያያሉ፤ ከጎን የሚመጣው ግን አይታያቸውም። ሐኪሙ ዘንድ የወሰደቻቸው ሰናይት ናት፣ ሐኪሙ ያለውን ቁጭ ብላ የሰማችውም እሷ ናት፣ ቤት ሲገቡ "አባዬ፣ በቃ" ያለችውም እሷው ናት። መንጃ ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ፤ መኪናቸውም ተሸጠች። ያን ሰሞን ጋሽ ተሰማን ያየ ሰው ሐዘን የተቀመጡ ነው የሚመስለው። ሰናይት ስትነዳ ከጎኗ ተቀምጠው ባዶ ወለል በእግራቸው ይረግጣሉ። ፍሬን መያዛቸው ነው። ልጅቱ ታያለች፤ አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

ጋሽ ተሰማ ታዲያ "መሪ ናፈቀኝ" አይሉም። የሳቸው ዘመን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አይወጣም። የሚያወሩት በረዶ ነው። ሰኔ ወር ላይ፣ ሰው ሁሉ በካናቴራ በሚሄድበት ጊዜ፣ አጥር ላይ ደገፍ ብለው "ደረጀ፣ ዘንድሮ እኮ በረዶው ይከብዳል" ይሉኝ ጀመር። ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። "ከየት አመጡት ጋሼ?" እላለሁ። "የሚመጣው መቼ ይታወቃል!" ይላሉ። ቀጥለው ስልካቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ስልኩ ውስጥ ያለው የትራክተር ፎቶ ብቻ ነው።

መቼም እንደሳቸው ያጠና ሰው የለም። በረዶ የሚተፋ አለ፣ በረዶ የሚገፋ አለ። የሚተፋው በረዶውን ውጦ በአንገቱ በኩል ወደ ጎን ይወረውረዋል፤ ነገር ግን የሲያትል በረዶ እርጥብ ነው፣ ጭቃ ማለት ይቻላል፣ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርበታል። ስለዚህ ለእኛ የሚገፋው ነው። የሚገፋው ደግሞ ጎማው ላይ ሰንሰለት፣ ከኋላው ክብደት ይፈልጋል፤ አለበለዚያ የእኛ ዳገት ላይ እሱ በረዶውን ሳይሆን በረዶው እሱን ይገፋዋል። ማጨጃው በጣም ሰፊ ሲሆን ሥራ ያፋጥናል፤ ግን በጓሮው በር አያልፍም። በዚህ ሁሉ ልባቸው ሰፊ ነው። ሐሳባቸውን የማይለውጡት በማርሽ ጉዳይ ብቻ ነው። አብዛኛው ትራክተር ኦቶማቲክ ነው ብላቸው "ማርሽ የሌለው ነገር እኮ ፍሪጅ ነው!" አሉኝ።

"ታዲያ ለሰናይት ለምን አይነግሯትም?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እኔ አባትየው? ልጄን ልለምን?" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሰው ቢልኩባት ነው እንጂ" አሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሽማግሌ የሚላከው ወንድ ልጅ ሴት ልጅ ሲፈልግ ለልጅቱ አባት ነው። አባት ትራክተር ፈልጎ ለሴት ልጁ ሽማግሌ ሲልክ እኔ በበኩሌ አይቼ አላውቅም። የተላክነው ደግሞ እኔና አቶ በላቸው ነን። አቶ በላቸው እዚሁ አጠገብ ቱክዊላ ከተማ የሚኖሩ፣ ከጋሽ ተሰማም በዕድሜ ከፍ የሚሉ፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ ስንቱን ጋብቻ በንግግራቸው ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ስነግራቸው ትንሽ አላገጡብኝ፤ ከዚያ ኮታቸውን አስተኮሱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከረባት አስረን ሄድን። በደንቡ መሠረት ላኪው ከቦታው መራቅ ስላለበት ጋሽ ተሰማ እኔ ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን እንዲያዩ ተደርጓል። ሰናይት በሩን ከፍታ ሁለታችንን በሙሉ ልብስ ስታየን ደነገጠች። "ግቡ ጋሼ፣ ተቀመጡ" አለች። አቶ በላቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ። ከዚያ ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ ቤተሰብ ክብር፣ ስለ ጨዋ አስተዳደግ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ስለሚሰማው ባዶነት። የልጅቱ ፊት ቀስ በቀስ ቀላ። ሰናይት አላገባችም፤ ይህንንም በየድግሱ የሚያስታውሳት ሰው አጥታ አታውቅም።

"ኦ ማይ ጋድ!" አለች በመጨረሻ። "ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ለማንም ብላችሁ እንዳትለምኑኝ።"

"ለትራክተር ነው" አሉ አቶ በላቸው።

ሰናይት ሶፋው ላይ ወደቀች፤ ሳቀች፣ በጣም ሳቀች። አባቷ እኔ ቤት ተደብቀው እንደሚጠብቁ ስነግራት ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። ይህች ልጅ ጨዋታ ሲሆን በአማርኛ፣ ሲጨንቃት በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው። "ጋሼ፣ ሂ ካንት ሲ" አለች። ዓይኑ አያይም፤ ሆስፒታል የማየውን እናንተ አታዩትም፤ ወድቆ የሚመጣውን፣ እግሩን ማሽን የያዘውን ሰው የምቀበለው እኔ ነኝ፤ አባቴን እንደዚያ ሆኖ መቀበል አልፈልግም። እንዲህ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። አቶ በላቸው ያዘጋጁት ንግግር ግማሹ ገና ነበር፤ ተዉት፤ መጥተው ከጎኗ ቁጭ አሉ።

"አጥር ውስጥ ነው ልጄ" አሏት ቀስ ብለው። "ሰው ሲራመድ ይቀድመዋል። የጠየቀው አንድ መሪ ነው።"

"ኦኬ" አለች ሰናይት በመጨረሻ። "ሶ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ሲነዳው በዓይኔ ልየው። ኮንትሮል ካደረገው ይገዛ። አንዴ እንኳ ካቃተው ግን በቃ፤ እዚህ ቤት ትራክተር የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳብኝ።"

ቃሏን ለጋሽ ተሰማ አደረስንላቸው። ደስ አላቸው፤ ቀጥሎ ደግሞ ፈሩ። ከአርባ ዓመት በላይ ሲነዳ የኖረ ሰው እንደ አዲስ ለመንጃ ፈቃድ ሊፈተን ነው፤ ያውም በወለዳት ልጅ። ይኸኛውን ፈተና ቢወድቁ ሌላ የሚቀርላቸው መሪ የለም። ይህን እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ማንም ግን አላነሳውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሬንተን ወዲያ የጓሮ ዕቃና ማሽን የሚሸጥበት አንድ ሰፊ ግቢ ሄድን። ጋሽ ተሰማ የሹፌርነት ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አጥልቀው ነው የመጡት። ሻጩ አንድ ወጣት ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ግቢው ይጨናነቃል። ቁልፎቹን ሰጠን፣ ኮን በሚሏቸው ሾጣጣ ምልክቶች የታጠረውን መሞከሪያ ቦታ አሳየን፣ በፍጥነት ብዙ ነገር ተናገረ፣ ጋሽ ተሰማ "ኦኬ፣ ኦኬ" አሉት፣ እሱም ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ። አቶ በላቸው ከመኪና ወርደው በከዘራቸው ዝግ ብለው እየመጡ ነው።

የመጀመሪያው ቀይ ነበር። ጋሽ ተሰማ ወጡበት፣ ወንበሩን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ወደ መስታወቱ ሰደዱ፣ መስታወት የለውም፤ ሳል ብለው እጃቸውን መለሱ። ሞተሩን አስነሱ። ፊታቸው ላይ የሆነውን ነገር ባሳያችሁ ደስ ባለኝ፤ ሰውየው በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት ጣሉ። ልክ በዚያን ጊዜ አቶ በላቸው ከዘራቸውን እየተከሉ ደረሱ። ጋሽ ተሰማ ፍሬኑን በእግራቸው እንደረገጡ ከወንበሩ ብድግ ብለው "ኖር! ኖር አቶ በላቸው!" አሉ። "በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጥ!" አሉ አቶ በላቸው። ሞተሩ ድርግም አለ።

"ባትሪው የደከመ ነው" አሉ ጋሽ ተሰማ ሲወርዱ። "ይሄ አይሆንም።"

ሁለተኛው ብርቱካናማ፣ ሰፋ ያለና ወንበሩ የተመቸ ነው። ደግሞ አስነሱ፤ ደግሞ ሞተሩ ደህና አድርጎ ተነሳ። አቶ በላቸው ከቀዩ ወደ ብርቱካናማው የሚያደርሳቸውን መንገድ ጨርሰው ከጎናቸው ብቅ አሉ። ጋሽ ተሰማም እንደ ወጉ ብድግ አሉ፤ ሽማግሌ ቆሞ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? "ኖር!" "በእግዜር!" ሞተሩ ጸጥ። ጋሽ ተሰማ በመሐረብ ግንባራቸውን ጠረጉ። ብዙ ሰዓት ያጠኑት እውቀት ሁሉ ሊረዳቸው አልቻለም፤ ነዳጅ አዩ፣ ሽቦ ነካኩ፣ "መቼም የዘንድሮ ዕቃ..." ብለው ጀምረው ተዉት። ሰናይት እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ጫማዋን ነው የምታየው።

አቶ በላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "አንተ ደረጀ፣ እኔ ገፊ ሆንኩበት መሰለኝ። በደረስኩ ቁጥር ነው እኮ የሚጠፋው።" እንዴት ይላሉ ብዬ አጽናናኋቸው፤ ውስጥ ውስጡን ግን እኔም ይህንኑ ማሰብ ጀምሬ ነበር። እሳቸውም ለወዳጃቸው ሲሉ ርቀው ሄደው ከአበባ ተክሎቹ ጀርባ ተሸሸጉ። ከዘራቸው ብቻ ትታያለች።

ሦስተኛው አረንጓዴ ነው፤ ትንሽ፣ ጠባብ፣ ማርሽ ያለው። ጋሽ ተሰማ ማርሹን ሲያገኙት እጃቸው የድሮ ወዳጅ እንደጨበጠ ሆነ። አስነሱ። ሄዱ። ኮኖቹን ዞሩ፤ አንዷንም አልነኩ። ከጎን የማይታያቸውን አንገታቸውን እያዞሩ ያዩታል፤ በማንኛውም መታጠፊያ ላይ ቀድመው ይዞራሉ፣ አይተው ይሄዳሉ። ወደ ኋላ ነድተው በሁለት ኮን መሀል ቀጥ አድርገው አገቡት። እኔ ያንን ኦቶማቲክ መኪናዬን እንኳ እንደዚያ አድርጌ ፓርክ አላደርግም። ሰናይት እጆቿን ፈታች። ጋሽ ተሰማ ዞረው መጥተው ፊት ለፊታችን ቆሙ፤ ሞተሩ እየሠራ፣ ፊታቸው እየሳቀ። አለቀ፣ አለፉ አልኩ በሆዴ።

በዚህ መሀል አንዲት ሽበታቸው የነጣ ፈረንጅ አሮጊት አበባ የጫኑበትን ጋሪ እየገፉ በአጠገባችን ሲያልፉ ቆም አሉና ፈገግ ብለው "ሃሎ" አሏቸው። ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ድርግም።

ሴትየዋ ሄዱ። ጋሽ ተሰማ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አላስነሱትም። ባትሪም አላሉ፣ ነዳጅም አላሉ። "እንሂድ በቃ" አሉ መሪውን እያዩ፤ "እጄ ከብዷል ማለት ነው።" አንጀቴን በሉት።

ሰናይት ልብ ብላችሁ ከሆነ አሸንፋለች። አንዴ እንኳ ካቃተው ብላ ነበር፤ ይኸው ሦስቴ ሆነ። ዝም ብትል ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ሽማግሌዎቹም ምስክር ናቸው። እሷ ግን ፊቷን አጨማዳ፣ በሽተኛ በሚያዩበት ዓይነት አተያይ ወንበሩን እያየች ቀረበች።

"አባዬ፣ አስነሳው።"

"ተይው ልጄ።"

"አስነሳው ስልህ።" አስነሱ። "አሁን ተነስ።" ተነሱ፤ ጠፋ። "ቁጭ በል። አስነሳ።" ቁጭ አሉ፤ አስነሱ። "ተነስ።" ጠፋ። ልጅቱ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ እስከ እንባዋ። እኛ ሥራ ቦታ እንደዚህ ያለ አልጋ አለ፣ መነሳት የሌለበት በሽተኛ ሲነሳ ይጮኻል፣ ይኸኛው ደግሞ በመጮህ ፋንታ ይጠፋል አለችን፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በሳቅ። ሻጩም ሲመለስ ይህንኑ አረጋገጠ፤ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ምላጩ እግሩን እንዳይቆርጠው ሞተሩ ራሱን ያጠፋል፣ ቅድምም ነግሬያችሁ ነበር አለ። ከዚያ ግራ ገብቶት "ግን ለምንድን ነው የሚነሱት?" ሲል ጠየቀን። ለዚህ ጥያቄ በእንግሊዝኛ መልስ ያለው ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

ጋሽ ተሰማ እፎይ ከማለታቸው በፊት ተቆጡ። "ሶ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ እንደ ንጉሥ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው ነው? ማነው ይሄን የሠራው? አሳዳጊ የበደለው!" አቶ በላቸው ከአበባው ጀርባ ወጥተው መጡ፤ ገፊ አለመሆናቸው ስለታወቀ እርምጃቸው ሁሉ ፈጥኗል። ጋሽ ተሰማ ሊነሱ ሲሉ በከዘራቸው ትከሻቸውን ጫን አደረጓቸው። "ተሰማ፣ ከእንግዲህ ትራክተር ላይ ያለ ሰው ለማንም አይነሳም" ብለው በሽማግሌ ድምፅ ወሰኑ። ውሳኔው እስከ ዛሬ ጸንቷል። እርግጥ የሚነሳው ነገር አይጠፋም፤ ጋሽ ተሰማ መነሳት ሲያምራቸው ቅንድባቸው ነው የሚነሳው።

አረንጓዴው ተገዛ፤ ከነበረዶ መግፊያው፣ ከነሰንሰለቱ። "የስኖው መግፊያዋ የምር ታስፈልጋለች?" አለች ሰናይት፤ ሦስታችንም ሌላ ሌላ ቦታ አየን። ያን በጋ የስካይዌይ ሣር ቀና የሚልበት ጊዜ አጣ። ጋሽ ተሰማ የራሳቸውን ጨርሰው የእኔን፣ የእኔን ጨርሰው የቬትናማዊውን ጎረቤታችንን፣ የሱን ጨርሰው መልሰው የራሳቸውን ያጭዳሉ። የሚታጨድ ሲያጡ ትራክተሩን ያጥባሉ። ሰናይት መጀመሪያ በመስኮት ቆማ ትጠብቃቸው ነበር፤ ኋላ ተቀምጣ ታያቸው ጀመር፤ መስከረም ላይ ማየቱን ተወችው።

ኅዳር ሲገባ ማጨጃው ወጥቶ የበረዶ መግፊያው ተገጠመ፤ ጎማዎቹ ሰንሰለት ለበሱ። ታኅሣሥ ዘነበ። ጥር ዘነበ። ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ጋራዡን አየት ታደርግና "ዳድ፣ ስኖው የታለ?" ትላለች። ጋሽ ተሰማ ዘወር ብለው ሰንሰለቱን ያጠብቃሉ። እኔም ሰኔ ላይ የነገሩኝን እያስታወስኩ ማፈር ጀመርኩላቸው።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ውጪው ያለ ወትሮው ጸጥ ብሏል። በመስኮት ባይ ነጭ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ አውቶቡስ ቆሟል፣ እኔም ከምሠራበት መጋዘን ቅሩ የሚል መልእክት ደርሶኛል። ከታች ያለው ዋና መንገድ በመኪና ይጠረጋል፤ የእኛን ቅያስ ግን የምትጠርጋት ፀሐይ ናት፣ እሷም የት እንዳለች አይታወቅም። በየመስኮቱ ጎረቤቶቼ ቆመዋል፤ ሁሉም መንጃ ፈቃድ አላቸው፤ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። ሰናይት ብቻ ናት የወጣችው። ሆስፒታል ያደሩት ነርሶች የሚተካቸው ሰው ካልደረሰ ወደ ቤታቸው መሄድ አይችሉም። መኪናዋን አስነስታ ከግቢ እንደወጣች ወደ ጎን ተንሸራተተችና አጥሩ ሥር ቆመች። ጎማው ይሽከረከራል፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም።

ያን ጊዜ የጋራዡ በር ተከፈተ።

ጋሽ ተሰማ ኮፍያቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው ወጡ። ለማንም ምንም አላሉም። ብረቱን ዝቅ አደረጉ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የልጃቸውን መኪና ዙሪያ ጠርገው አወጧትና ወደ ቁልቁለቱ ዞሩ። ይህ አጥር ውስጥ አይደለም። እኔም የማደርገው ስለጠፋኝ አካፋዬን ይዤ በማይታያቸው በኩል አብሬያቸው መራመድ ጀመርኩ። "ቀኝ አለ፣ መኪና ቆሟል፣ ጠብቅ... እሺ፣ ሂድ!" በዚህ ዕድሜዬ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩላችሁ። ጋሽ ተሰማም አንቱታዬን መተዌን አላስተዋሉም፤ ወይም አስተውለው ደስ ብሏቸዋል፤ ረዳት ሹፌሩን "ሂዱ" አይልም። በረዶው ከብረቱ ፊት እየተጠቀለለ ወደ ዳር ይወድቃል፤ ከኋላችን ጥቁሩ አስፋልት ይገለጣል፤ በአስፋልቱ ላይ የሰናይት መኪና በዝግታ ይከተላል። በየመስኮቱ ያሉት መንጃ ፈቃዶች ሁሉ ያያሉ።

ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ ጋሽ ተሰማ ዳር ይዘው ቆሙ። ሰናይት ከጎናቸው መጥታ መስኮቷን አወረደች። ልቤ ፈራ፤ መንገድ ላይ ስለ መውጣታቸው፣ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ገባነው ቃል ሁሉ በእንግሊዝኛ ልታወርድብን ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጋሽ ተሰማም የጠበቁት ይህንኑ ነው መሰለኝ ቀና ብለው አላዩአትም፤ መሪውን እንደጨበጡ ፊት ለፊት ያያሉ። ቅንድባቸው ላይ በረዶ አለ። ልጅቱ ትንሽ አየቻቸው።

"አባዬ" አለች፤ "ስትመለስ ቀስ ብለህ ንዳ።"

መስኮቱን ዘጋችና ሄደች።

ዳገቱን እስክንወጣ ድረስ ወደ ጋሽ ተሰማ ፊት ላለማየት አካፋዬን ስመለከት ነበር። በማግስቱ ከቀትር በፊት በረዶው ሁሉ ቀልጦ ጠፋ፤ ነበረ ብትሉ የሚያምናችሁ የለም። ወሬው ግን አልጠፋም። ጋሽ ተሰማ በቤተክርስቲያን ደጅ፣ በፀጉር ቤት፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድማቸው በስልክ፣ የሰማቸውን ሁሉ ይዘው ያን ጠዋት ይተርኩለታል። የበረዶውን ከፍታ ትንሽ ጨምረውበታል፤ የዳገቱንም ርዝመት እንዲሁ፤ የኔን አካፋ ግን ጭራሽ አያነሱትም። ይህን ሁሉ ይቅር ብያቸዋለሁ። ወሬያቸውን ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ ራሷ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'አባዬ፣ ንዳ!' አለችኝ" ይላሉ።

"ቀስ ብለህ" የምትለዋን እስካሁን አንድም ቀን ሲያነሷት አልሰማሁም።